የባየሽ በርሜል

ባየሽ ከወሎ ለአረም ሱዳን ድንበር አጠገብ ወዳለችው ኮኪት የመጣች ሰሞን አንድ ሹፌር ሽማግሌ ልኮባት፣ እሷ «መጀመሪያ መኪናውን ይላክ» ብላ መለሰች እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። ውሸት ነው። ሹፌሩ ሽማግሌ አልላከም፤ ራሱ ነው የመጣው፤ መኪናውም የሌላ ሰው ነበር። ኮኪት ግን አንድ ወሬ ከያዘች፣ ባለቤቱ መጥቶ ቢምል እንኳ፣ ወሬውን ከምትለቅ ባለቤቱን ብትለቅ ትመርጣለች። ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ወጣላት፤ የአርባ ሦስት ሰሊጥ አጫጅ ዘፈን ጠርጋ በላች የሚል። ይኼኛው ከሞላ ጎደል እውነት ስለሆነ በሥርዓቱ ቢነገር ይሻላል።

ሱቋ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከሷሊህ ሱቅ ጎን የተለጠፈች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሷሊህ ጫማ፣ ጀሪካን፣ ባትሪና ብስኩት ይሸጣል። ባየሽ ደግሞ ስልክ ትሞላለች፤ ጣሪያዋ ላይ ካለው ሶላር መብራቱን፣ ከአሮጌው ላፕቶፗ ዘፈኑን። ሰው በሯን አያውቀውም፣ መስኮቷን ነው የሚያውቀው። ስልኩ በመስኮት ይገባል፣ በመስኮት ይወጣል። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ነው።

ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ዘፈን የሚጠይቀው እንደ ናፍጣ ነው፤ «ሙይልኝ» ይላል፤ «እስከ አፉ» የሚልም አለ። ምን ዓይነት ብላ አትጠይቅም። የኩታውን አጣጣል፣ የዱላውን አያያዝ፣ «እንዴት ዋልሽ» የሚልበትን ድምፅ አይታና ሰምታ፣ ይኼ የዳሞት ነው፣ ይኼ የላስታ ነው፣ ይኼኛው ደግሞ ሚስቱ ጥላው የሄደች ነው ብላ ትሞላለታለች። አንድ ጊዜ ብቻ ሚስቱ ላልሄደችበት ሰው እንጉርጉሮ ሞልታለት፣ ሰውዬው ታኅሣሥ ላይ አገሩ ሲገባ ቤቱን ባዶ አገኘው አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰው እንደ ጠንቋይም ይፈራት ጀመር።

አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ወባ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሳያስታውቅ እንደሚመጣ ዘመድ፣ ትመጣባትና ሳምንት ከርማ ትሄዳለች። ማለዳ መስኮቱን ስትከፍት ደክሟት ነው፤ ስትዘጋም ደክሟት ነው፤ በመሐል ያለውን ድካም ሰው ያየዋል፣ የዳርና ዳሩን እሷ ብቻ ታውቀዋለች። ቢሆንም ባየሽን ባየሽ ያደረገቻት ያቺ መስኮት ናት። መስኮቷ ላይ ሰው ከቆመ ባየሽ አለች፤ ካልቆመ፣ ለአረም መጥታ የቀረች አንዲት ሴት ናት። ይኼን እሷም ታውቃለች፤ ሲደክማት ደግሞ ይበልጥ ታውቀዋለች።

ነሐሴ ላይ የዘፈን አፕ ያለው አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ሰው ልኮ ወኪል አደረጋት። አንድ ቢጫ ካናቴራና አንድ ፖስተር ሰጧት። ቆላ ውስጥ ወኪል ማለት የባለሀብቱን እርሻ የሚያሠራው ሰውዬ ነው፤ መኪና አለው፣ ይጮኻል፣ ይፈራል። ስለዚህ ሰፈሩ «ስንት ሄክታር ሰጡሽ?» እያለ ወር ሙሉ ሳቀባት።

የአፑ ጥቅም ዘፈኑን በስልኩ ሆድ ውስጥ ማስቀመጡ ነው። ከኮኪት በትራክተር ሁለት ሰዓት ከሄዱ በኋላ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም፤ ስልክ ለመብራት ካልሆነ አይፈለግም። በዚህ አፕ ግን አስቀድሞ የተቀመጠ ዘፈን ማሳ መሐልም ይዘፍናል። ላብ የሚበላው ሚሞሪ ካርድ አያስፈልግም። ለጀማሪ ደግሞ ሠላሳ ዘፈን በስጦታ አብሮ ይገባለታል፤ ተቀምጦ ያለቀ መሆኑን ግን ለባየሽ የነገራት የለም። ባየሽ ካርድ መሙላቱን ትታ ሰዉን ወደ አፑ ማስገባት ጀመረች።

ድርጅቱ አጠቃቀሙን የሚያሳይ ቪዲዮ ልኮላት ነበር። ያን ሳምንት ኔትወርኩ ታሞ ነበርና ቪዲዮው ከመጀመሪያው ክብ ሳያልፍ ሦስት ቀን ዞረ። አጫጆቹ ደግሞ ሊሄዱ ነው። ባየሽ ፊደል ትቆጥራለች፤ አፑ ግን የሚናገረው በሥዕል ነው። ከእያንዳንዱ ዘፈን ሥር ሁለት ሥዕል አለ፤ አንዱ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት፣ ሌላው ክዳን ያለው በርሜል። አንድ አጨዳ ኮኪት የከረመ ሰው ይኼን ለማወቅ ቪዲዮ አያስፈልገውም። መኪና መጥቶ ሲቆም አሠሪው ለጫኝና አውራጁ እጁን ወደ ታች ካመለከተ፣ አራግፉ ማለት ነው። ዕቃ የሚቀመጠው በርሜል ውስጥ ነው፤ ውኃው፣ የዘር ሰሊጡ፣ አይጥ እንዳይበላው የክት ልብሱ ሁሉ። ቆሻሻማ ኮኪት ላይ ነፋስ እንጂ ዕቃ የለውም።

ቀስቱን ተወችና በርሜሏን ተጫነች። «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ጽሑፍ ወጣ። የአዲስ አበባ ሰው መቼም መጠየቅ ይወዳል ብላ «አዎ» አለችው። ዘፈኑ ከገጹ ላይ ተንሸራቶ ጠፋ። «ገባ» አለች። በርሜል ውስጥ የገባ እህል ከውጭ አይታይ። ስሙን ጽፋ ብትፈልገው ዘፈነላት፤ ከበርሜሏ የወጣ መሰላት እንጂ፣ ለቪዲዮ ያልበቃው ኔትወርክ ለዘፈን በቅቶ ከዚያ እየመጣ መሆኑን ማን ይንገራት?

በዚህ ዓይነት አርባ ሦስት ሰው አስተማረች። ከሁሉም የቆየባት ፈንቴ ነው። ፈንቴ ከዳሞት የመጡት አጫጆች አዝማች ነው፤ አውራ ጣቱ በማጭድ ተሰነጣጥቆ ስልኩ ጣት መሆኑን አያውቅለትም ነበር። በጎኑ ሲነካው እሺ አለ። አንድ ጊዜ ከገባው ወዲያ ግን ጓደኞቹን እሱ ያስተምር ጀመር፤ በርሜሏን ተጫን፣ አዎ በል፣ ገባ። ሠላሳውን ዘፈን አንድ በአንድ፣ በትዕግሥት፣ ሁሉም በርሜል ውስጥ ከተቱና በትራክተር ተሳቢ ላይ ወጥተው ሄዱ። ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ ትምህርት እስከዚያ ቀን ኮኪት ላይ ተሰጥቶ አያውቅም።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከድርጅቱ የትናየት የምትባል ልጅ ደወለች። ሥራዋ ዘፈን የሚቀመጥበትን ገጽ ለጀማሪ እንዲቀል አድርጎ እንደገና መሥራት ነው። ገጹ ለአዲስ ሰው ከብዷል፤ ከየከተማው ወኪሎች ሐሳብ እየሰበሰበች ነው፤ ሰው የት ላይ ነው የሚደናገረው ብላ ጠየቀች። ባየሽ እኔ ጋ የሚደናገር የለም አለቻት፤ በኩራት ነው ያለችው።

«እንደሱ ከሆነ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች የትናየት። «እናንተ ጋ ሰው ሙዚቃ ይጠላል?»

እንደ እሷ አነጋገር፣ ዘፈን በማጥፋት ኮኪትን የሚስተካከል ከተማ አልተገኘም። ሰዉ አፑን ያስገባል፣ በስጦታ የተሰጠውን ሠላሳ ዘፈን አንድ ሳያስቀር ያጠፋል፣ ከዚያ ድምፁ አይሰማም። ቢሮ ውስጥ ሰው ሁሉ ግራ ገብቶታል።

ባየሽ የአንድ ደንበኛ ስልክ አንሥታ አፑን ከፈተች። «ማጥፊያዋ የትኛዋ ናት?» አለች።

«ቆሻሻ መጣያዋ ናታ። ክዳን ያላት።»

«ክዳን ያላት በርሜል?»

«በርሜል አይደለችም ወይዘሮ ባየሽ። ቆሻሻ መጣያ ናት።»

ባየሽ መስኮቱን በጠዋቱ፣ በአራት ሰዓት ዘጋች። ሷሊህ ወባዋ ተነሥታባት መስሎት ሎሚ ይዞ በጓሮ መጣ።

ከዚያ ወዲያ የቀረው መጠበቅ ነው። ማሳው ላይ ስልክ አይደወል። ውኃ የሚያመላልሰውን የትራክተር ሹፌር ጠይቃ ነበር፤ ተመልሶ «ስልኮቹ ዝም ብለዋል፣ ፈንቴ ነው የሚዘፍነው» አላት። ይኼን ከሰማች ወዲህ ምሳ አልበላ አላት። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ አፉን ሳይከፍት ካልታጨደ መሬት ላይ ይረግፋል። አጫጅ ደግሞ በዘፈን ነው መስመሩን የሚይዘው። ዝም ብሎ የሚያጭድ ሰው ወገቡን ይሰማል፤ ወገቡን የሰማ ሰው ቀና ይላል፤ አንዱ ቀና ካለ ሁሉም ቀና ይላል።

ሷሊህ ነገሩን ከሰማ በኋላ፣ እንደ ልማዱ የሱዳን ዐረብኛ እየቀላቀለ፣ መካሪዋ ሆነ። ማሌሽ፣ ይቅርታ በያቸውና እለፊው፣ ኔትወርክ በላው በይ፣ ኔትወርክን ማን ተከራክሮት ያውቃል አላት። ለአዲስ አበባዋ ልጅ ደግሞ ብዙ አትንገሪ አለ። እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰው እዚህ መስኮት ላይ የሚቆመው ስለማያውቅ ነው፣ ያ ባየሽ። ገጹን አቅልለሽ ከሰጠሻቸው ማን ይቆማል?»

ሐሳቡ ከሷሊህ በፊት እሷም ጋ መጥቶ ነበር። አስቸግሮ የሚኖር ገጽ ነው እሷን የሚያኖራት። ብትዋሽ መስኮቷ ይቆይላታል፤ እውነቱን ብትናገር በሁለት በኩል ይዘጋባታል፤ አንድም ሰዉ ተቀይሞ፣ አንድም ሰዉ አውቆ።

ኅዳር ሲብት ፈንቴና ጓደኞቹ ተመለሱ። ይጮኻሉ፣ ይሳደባሉ፣ ድንጋይም ይነሣ ይሆናል ብላ ነበር የጠበቀችው። ማንም አልጮኸ። ከመስኮቷ ፊት ለፊት ባለችው የግድግዳ ጥላ ሥር አሥራ አንድ ሆነው ተቀመጡ። አቧራቸውን እንኳ አላራገፉም። ከዚያ ፈንቴ ተነሥቶ መጣ። ሲናገር ድምፁ ከተነፈሰ ጎማ እንደሚወጣ አየር ነበር። ሠላሳ ስምንት ቀን ለጓደኞቹ ሲያዜም ከርሞ ጉሮሮው አልቋል። አጠገባቸው ያጨዱ የነበሩት የበለሳ ልጆች በሚሞሪ ካርድ ዘፈን የሞላ ስልክ ነበራቸውና፣ ማታ ማታ እየመጡ «ፈንቴን ቻርጅ አርጉት እንጂ፣ ነገ ሊጠፋባችሁ ነው» እያሉ ሲያላግጡበት ከርመዋል።

ስልኩን ከደረት ኪሱ አወጣ። በፌስታል፣ በፌስታሉ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሏል። በጥንቃቄ ፈትቶ በመስኮቱ አቀበላት።

«እትዬ ባየሽ» አለ፤ «ያቺ በርሜል በምን በኩል ነው የምትከፈት? አሥራ አንዳችንም ሞከርን። ክዳኗን የሚያነሣ ጠፋ።»

ባየሽ እጇ ላይ ያለውን ስልክ አየችው። ሰዎቹ ዘፈኑ መጥፋቱን አላወቁም። እውስጥ አለ ብለው፣ እንዳይፈስ ጠቅልለው፣ ከዝናብም ከላብም ጠብቀው ነው ያመጡት። ኔትወርክ በላው ማለት አሁን ቀላል ነበር። ሷሊህ በበሩ ብቅ ብሎ በቅንድቡ «በይ እንጂ» ይላታል። እውነቱ ከአፏ ከየት እንደወጣ አይታወቅም፤ ምናልባት ውሸትም ጉልበት ይጠይቃልና ያን ጉልበት አጥታው ይሆናል።

«በርሜል አይደለችም» አለች። «ቆሻሻ መጣያ ናት። በርሜል መስላኝ እኔ ነኝ ያስጣልኳችሁ። ምንም የለበትም፣ ባዶ ነው።»

ፈንቴ ስልኩን ተቀብሏት ገለበጠው። ጀርባውን አየው፣ ፊቱን አየው።

«እኛስ አናውቅም ብለን አንቺ ጋ መጣን» አላት። «አንቺሳ፣ ማን ጋ ሄድሽ?»

«ማንም ጋ።»

ወደ ጥላው ተመልሶ ለጓደኞቹ ነገራቸው። ከመሐላቸው አንዱ፣ ያንን ባዶ ስልክ ሌሊት ሌሊት ራሱ ሥር አድርጎ ይተኛ የነበረው፣ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ደስ የሚል አልነበረም፤ ሌሎቹ ግን ተከተሉት። ሁለቱ ተነሥተው ሄዱ። ሳይሰናበቱ ነው የሄዱት፤ እዚያው ቅርብ ባለችው ሸኸዲ ከተማ ሌላ ስልክ ሞይ አለ።

ባየሽ በዚያው ልቧ ሳይመለስ ከሷሊህ የሳሙና ካርቶን ተቀብላ ወጣች። ከመስኮቱ ውጭ ከእነሱ ጋር መሬት ስትቀመጥ ሰው ያያት የዚያን ቀን ነው። የአዲስ አበባዋ ልጅ ገጹን እንደገና ልትሠራው ነው፣ ማሽላ አጨዳ ሳትወጡ ይደርሳል፣ ምን ሥዕል ቢሆን ነው ሳይነገራችሁ የሚገባችሁ ብላ ጠየቀቻቸው።  ከዚያ ማን ይቻላቸው። አንዱ ማስቀመጫው የአንገት ክታብ ይሁን አለ። አንዱ ብብት ይሁን አለ። ማጥፊያው ላይ ከተደረሰ በኋላማ ካርቶኑ አልበቃ አለ፤ ጅብ፣ አንበጣ፣ ጎርፍ። አንዱ የእርሻችን ወኪል ይሣልልን፣ እሱን ያየ ሰው በስሕተት አይነካውም አለ፤ ወዲያው ባየሽም ወኪል መሆኗ ትዝ ብሎት ይቅርታ ጠየቃት።

ለማስቀመጫው ሂላን ያመጣው ፈንቴ ነው። ሰሊጥ ሲታጨድ ነዶው እየታሰረ፣ ራስ ለራስ ተደጋግፎ ማሳው ላይ ይቆማል፤ እሱ ነው ሂላ። ሂላ የቆመ ሰሊጥ የተሰበሰበ ነው፤ ነፋስ አይበትነው፣ ማንም አይነካው። ለማጥፊያው የአውድማ መጥረጊያ ተመረጠ። ባየሽ ሁለቱን ሣለችና ካርቶኑን አዙራ ሲሣል ላልነበሩት፣ መንገድ ለሚያልፉት አሳየች፤ ዘፈን ብታስቀምጥ የቱን ትነካለህ ብላ። ሁሉም ሂላውን ነኩ። አንድ የሱዳን ሹፌር ብቻ መጥረጊያውን ነካ፤ ሊገዛው ነበር የፈለገው።

ልታጣጥፈው ስትል ፈንቴ ያዛት። ያቺ ጥያቄስ አለ። የቱ ጥያቄ አለችው። «እርግጠኛ ነህ ወይ» የምትለዋ።

«ሰው በደኅና አንደበት ሲጠይቀኝ እኔ አይደለሁም አልልም» አለ በዚያ በተነፈሰ ድምፁ። «አዎ ነው የምለው። ዳሞት ያለ ሰው ሁሉ አዎ ነው የሚል። ይልቅ ይንገረን። ይኼ ዘፈን ሊጠፋ ነው ይበለን። ይጥፋ ወይስ ይቆይ ይበለን።»

ይኼንንም ካርቶኑ ጥግ ላይ ጻፈችው። ፎቶ አንሥታ ላከችው፤ እስኪሄድላት ሁለት ቀን ፈጀ። የትናየት ሲደርሳት ደወለችና ምን እንደሆነ ሁሉን አንድ በአንድ ጠየቀቻት። ባየሽም ሳትደብቅ ነገረቻት፤ አርባ ሦስቱንም፣ በርሜሉንም። ልጅቷ አልሳቀችም። ቢሮ ውስጥ ግን ብዙ ክርክር ነበር አሉ። አለቆቿ ሂላውን ጎጆ ነው ብለውት፣ አንደኛው ደግሞ ድንኳን ነው ብሎ፣ በመጨረሻ ከሥሩ «አስቀምጥ» የሚል ቃል እንዲጻፍበት ተስማሙ። ጥያቄዋ ፈንቴ እንዳለው ሆነች። በድምፅ ትናገር ቢባል፣ ይኼ ለሌላ ጊዜ ይሁን ተባለ። አዲሱ ገጽ ለሙከራ ለኮኪት ቀድሞ የተላከው አጫጆቹ ለማሽላ ሊወጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው።

ባየሽ አጫጆቹ የሚነሡበት ቀን ጠዋት መስኮቱን ከወትሮው ቀደም ብላ ከፈተች። ይመጣሉ ብላ ሙሉ እምነት አልነበራትም። መጡ። ከፊት ፈንቴ ነው። አሥራ አራት ዓመት እንደለመደችው እጇን በመስኮቱ አወጣች፤ ፈንቴ ስልኩን አልሰጣትም።

«ተይ እትዬ» አለ፤ «እኔው ልንካው።»

በአውራ ጣቱ ጎን ሂላዋን ነካ። ዘፈኑ ገባ። ዳታዬን አጥፉልኝ፣ በኔትወርክ እንዳያታልለኝ አለ፤ ጠፋለት። ስልኩ ዘፈነ። ፈንቴ ሌላም ጨመረ፤ ዳታውን ደግሞ ራሱ ነው ያጠፋው። ከዚያ ከመስኮቱ ዞር ብሎ ግድግዳው ሥር ላለው አሳየው፤ ያኛውም ለሚቀጥለው። ስድስት ሰዓት ሳይሆን ወደ አርባ የሚጠጋ ስልክ ሞልቶ አለቀ፤ በመስኮቱ የገባ ግን አንድም የለም። ወደ ሸኸዲ ሄደው የነበሩት ሁለቱም ተመልሰው ነበር፤ እነሱም ከግድግዳው ሥር ተምረው ሄዱ። ሲያልፉ ግን ሁሉም ሰላም አሏት፤ በክብር ነው ያሏት፤ አንዱ እንዲያውም «እግዜር ይስጥሽ፣ አስተማሪያችን» ብሏታል። አስተማሪ ማለት ተምረው የሚሄዱበት ሰው ነው።

ሷሊህ በበሩ ቆሞ ሲያያት ቆየ። አልኩሽ አላለም። ብስኩት አመጣላት።

ትራክተሩ ሲነሣ ሁሉም በየስልኩ የየራሱን ዘፈን ለቆ ስለነበር የትኛው ምን እንደሆነ አይለይም፤ የሠርግም የልቅሶም ይመስል ነበር። ፈንቴ ተሳቢው ጫፍ ላይ አፉን ዘግቶ ተቀምጧል። አዲስ ነገር ነውና ሰዉ ለማየት ወጣ።

የትናየት ከሰዓት ደወለች። ስንት ሰው እርዳታ ጠየቀ ብላ ነው። ባየሽ አንድም አለቻት። ልጅቷ በደስታ ለባልደረቦቿ ስትነግር በስልኩ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ ተመልሳ እንዲህ ነበር የፈለግነው፣ ይኼ ሁሉ የእርስዎ ሥራ ነው አለቻት። ባየሽ አመሰገነችና ስልኩን አስቀመጠች።

ፀሐዩ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር፤ ልትዘጋው አስባ ተወችው። ዘጠኝ ሰዓት ሲል አንድ ሰው ከመንገዱ ማዶ ተሻግሮ መጥቶ መስኮቷ ላይ ቆመ። ባየሽ ተነሣች፤ እጇንም ዘረጋች።

ሰውዬው ሷሊህ ሱቁን ከፍቶ እንደሆነ ሊጠይቃት ነው። ከፍቷል አለችው።